በግቢ ውሻ ላይ የሚደርስን ቀላል ቁስል በቤት ውስጥ በጥንቃቄ ማከም

ከኮተቤ አልፎ ወደ ለገጣፎና ሰንዳፋ፣ ከእንጦጦ ወዲያ ወደ ሱሉልታ፣ ወይም በቡራዩና በሰበታ በኩል ከከተማ ሲወጣ ውሻ የሌለበት ግቢ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ጅቡ ሲመሽ እስከ አጥር ድረስ ይመጣል፤ ሰፈሩም ገና በግንባታ ላይ በመሆኑ የቆርቆሮ ቁራጭ፣ ሚስማር የያዘ ጣውላ፣ የተሰበረ ጠርሙስና የተቆረጠ ሽቦ በየመንገዱ ዳር ወድቆ ይገኛል። እንዲህ ባለ ቦታ ሌሊቱን ሲሮጥ የሚያድር ውሻ ይዋል ይደር እንጂ መቁሰሉ አይቀርም። የእንስሳት ሐኪም ደግሞ በእያንዳንዱ ሰፈር የለም፤ ስለዚህ ባለቤቱ የትኛውን ቁስል ራሱ ማጠብና መንከባከብ እንደሚችል፣ የትኛውን ደግሞ ሳይነካካ ወደ ሐኪም ማድረስ እንዳለበት አስቀድሞ ማወቅ ይገባዋል።

ይህ መመሪያ የሚመለከተው ቀላል ቁስልን ብቻ ነው። ቀላል ቁስል ስንል ቆዳን የፋቀ ጭረት፣ አጭርና ጥልቀት የሌለው ቁርጥ፣ የተሰበረ ጥፍር፣ እንዲሁም ሰንሰለት ወይም ገመድ አንገት ላይ ያደረሰው መላላጥ ማለታችን ነው።

መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት፦ ምን አቆሰለው?

ውሃና ፋሻ ፍለጋ ከመነሣትዎ በፊት ቁስሉ የመጣው ከብረት ነው ወይስ ከጥርስ የሚለውን ይለዩ። ጥያቄው ቀላል ቢመስልም ከዚህ በኋላ የሚያደርጉትን ሁሉ የሚወስነው እሱ ነው። ቆርቆሮና ጠርሙስ አብዛኛውን ጊዜ ጠርዙ የተስተካከለ፣ ረዘም ያለ መስመር ይተዋሉ፤ የንክሻ ምልክት ግን እርስ በርስ የተቀራረቡ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ትንንሽ ቀዳዳዎች ናቸው። ቀዳዳው ትንሽ መሆኑ ማንንም ማታለል የለበትም። ጥርስ ቆዳውን በስቶ ሥጋውን ከሥር ይቀዳድዳል፣ የአፍ ቆሻሻውንም ጥልቅ ቦታ አስቀምጦ ይወጣል፤ ከላይ ያለው ቀዳዳ በአንድ ቀን ሲደፈን ከሥሩ መግል ይቋጠራል። ስለዚህ የንክሻ ቁስል የፈለገውን ያህል ቢያንስ ቀላል ቁስል አይባልም፤ በቤት የሚደረገው እጥበት ወደ ሐኪም እስኪደረስ ብቻ የሚያገለግል ነው።

ከዚህም የሚከብድ ምክንያት አለ። የእብድ ውሻ በሽታ በአገራችን ዛሬም ሰው እየገደለ ነው፤ የሚተላለፈውም በአብዛኛው በንክሻ ወቅት ቁስል ውስጥ በሚገባ ምራቅ ነው። ምልክቱ አንድ ጊዜ ከታየ በኋላ በሰውም ሆነ በውሻ ላይ የሚያድን ሕክምና የለም ማለት ይቻላል። ውሻዎ በማይታወቅ ውሻ፣ በቀበሮ ወይም በጅብ መነከሱን ካዩ፣ ወይም ሌሊት አድሮ ንክሻ የመሰለ ቁስል ይዞ ከተገኘ፣ ጓንት ሳያጠልቁ አይንኩት፤ እጅዎ ላይ ጭረት ካለ ደግሞ ሌላ ሰው ጓንት አጥልቆ ይያዘው። ልጆች እንዳይጠጉት አድርገው በዚያው ዕለት የእንስሳት ሐኪም ያማክሩ፤ የክትባት ወረቀቱንም ይዘው ይሂዱ። ክትባቱን የጨረሰ ውሻ አብዛኛውን ጊዜ ወዲያው ድጋሚ ክትባት ይሰጠውና ክትትል ይደረግበታል፤ ያልተከተበውን በተመለከተ ግን ሐኪሙ የሚሰጠው ውሳኔ ከባድ ሊሆን ስለሚችል፣ ውሻን ከ3 ወር ዕድሜው ጀምሮ ማስከተብና በየዓመቱ ማሳደስ ከዚህ መመሪያ ሁሉ የሚቀድም ሥራ ነው።

ውሻውን ሲይዝ የተነከሰ፣ ወይም ምራቁ የተላጠ ቆዳውን የነካው ሰው፣ ቦታውን በሚወርድ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያህል ሳያቋርጥ አጥቦ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። የአዲስ አበባ ሰው በልማድ «ፓስተር» የሚለው የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይህን በሽታ በላቦራቶሪ የሚመረምር ተቋም ነው፤ ሆኖም ቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል የት መሄድ እንደሚገባ ስለሚነግር መጀመሪያ እዚያ መድረሱ ጊዜ ይቆጥባል። ባህላዊ መድኃኒት ቀድሜ ልሞክር ማለት የማይመለስ ጊዜ ማባከን ነው። ጸበል የሚሄድም ሰው ክትባቱን ጀምሮ ይሂድ።

በቤት የማይታከሙ ሌሎች ቁስሎች

ከንክሻ ሌላ የሚከተሉትም የሐኪም ሥራ ናቸው። በዓይን ላይ ወይም በዓይን አጠገብ ያለ ቁስል፣ ደረትን ወይም ሆድን የወጋ ማንኛውም ነገር፣ በመገጣጠሚያ ላይ ያረፈ ቁርጥ፣ ጠርዙ ተራርቆ ውስጡ ሥጋ ወይም ነጭ ጅማት የሚታይበት ቁስል፣ የእሳት ወይም የፈላ ውሃ ቃጠሎ፣ እንዲሁም ትል የወደቀበት ቁስል በቤት አይነካኩም። ሊሰፋ የሚገባው ቁስል ከ6 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ሐኪም ጋር ቢደርስ የሚሻል በመሆኑ «ጠዋት አየዋለሁ» ብሎ ማሳደር አይመከርም። ደሙ እየተወረወረ የሚወጣ ከሆነ ወይም 10 ደቂቃ በደንብ ተጭነውት ካልቆመ፣ እየተጫኑት ወደ ሐኪም ይዘውት ይውጡ።

ውሻው ተኝቶ የማይነሣ ከሆነ፣ ወይም ድዱ ነጥቶ ከተገኘ፣ የሚታየው ቁስል ትንሽ ቢሆንም የማይታይ ጉዳት ሊኖር ይችላል። የጤነኛ ውሻ ድድ ሮዝ ነው፤ በጣት ተጭነው ሲለቁት ይነጣና ከ2 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ወደ ቀለሙ ይመለሳል። አንዳንድ ውሻ ድዱ በተፈጥሮው ጥቁር ስለሆነ፣ ጤነኛ ሳለ ቀለሙ የሚታይበትን ቦታ አስቀድሞ ማየት ይጠቅማል።

ተዘጋጅቶ መቀመጥ ያለበት

ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር የለም። አንድ ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ የሚጣል ጓንት፣ ጎዝ፣ ጥጥ፣ ሁለት ጥቅል ፋሻ፣ ፕላስተር፣ ጫፉ ያልሾለ መቀስ፣ ባለ 20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ያለ መርፌው፣ ቫዝሊን፣ ከፋርማሲ የሚገዛ ፖቪዶን አዮዲን (ብዙ ሰው ቤታዲን የሚለው) እና ቴርሞሜትር ያስቀምጡ። ለውሻው የተለየው ቴርሞሜትር ላዩ ላይ ይጻፍበትና ለሰው አይዋል።

ዋናው መድኃኒት የጨው ውሃ ነው። ግማሽ ሊትር ውሃ ካፈሉ በኋላ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ሳይቆለል ጨምረው ያሟሙትና ክዳኑን ገጥመው ያቀዝቅዙት። ለብ ሲል በእጅ አንጓዎ ላይ ጠብ አድርገው ይሞክሩት፤ ሙቀቱም ብርዱም የማይሰማ ከሆነ ደርሷል። ይህ መጠን ከሰውነት ፈሳሽ ጋር ስለሚቀራረብ ቁስሉን አያቃጥልም። ጨው ሲበዛ ይበልጥ ያጸዳል ብሎ መጨመር ስሕተት ነው፤ የበዛ ጨው ገና የሚያገግመውን ሥጋ ያደርቃል፣ ውሻውም ሁለተኛ እንዳይነካ ያደርገዋል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ከሮቶ ወይም ከጀሪካን የተቀዳ ውሃ ሳይፈላ ለቁስል አይዋል። የተረፈውን የጨው ውሃ ከ24 ሰዓት በላይ አያቆዩ።

አሠራሩ

አንደኛ፣ ውሻውን ማረጋጋትና አፉን ማሰር። የሚያመው ውሻ ያሳደገውንም ሰው ይነክሳል፤ ይህን እንደ ክፋት አይቁጠሩበት። የሚያምነው አንድ ሰው ጭንቅላቱን ይያዝ፣ ሌላው ያክመው፤ የቀረው ሰው ከአጠገቡ ይራቅ። አንድ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ፋሻ ወይም ንጹሕ የነጠላ ቁራጭ ወስደው የላላ ቋጠሮ ያዘጋጁና በአፍንጫው ላይ አጥልቀው ያጥብቁት፤ ከዚያ ጫፎቹን ከአገጩ ሥር አቋርጠው ከጆሮው ኋላ ማጅራቱ ላይ በቀላሉ በሚፈታ ቋጠሮ ይሰሩት። አፉ ታስሮ ሳለ ውሻ በማለክለክ ራሱን ማቀዝቀዝ ስለማይችል ከጥቂት ደቂቃ በላይ አያቆዩት። የሚያስመልሰው፣ መተንፈስ የሚቸግረው ወይም አፉ ላይ የቆሰለ ውሻ ግን ጭራሽ አይታሰርም።

ሁለተኛ፣ ደም ማቆም። የታጠፈ ጎዝ ወይም ንጹሕ ጨርቅ ቁስሉ ላይ አድርገው ከ5 እስከ 10 ደቂቃ በሰዓት እየተከታተሉ ይጫኑ። በየመሐሉ አንሥቶ «ቆመ እንዴ?» እያሉ ማየት የረጋውን ደም እንደገና ያላቅቀዋል፤ ጨርቁ በደም ከራሰ ሳያነሡት ሌላ ይደርቡበት። ከቁስሉ በላይ እግሩን በገመድ አጥብቆ ማሰር ደሙ ወደ ታች እንዳይደርስ ስለሚያደርግ እግሩን እስከማሳጣት ይደርሳል፤ አይደረግም።

ሦስተኛ፣ በዙሪያው ያለውን ፀጉር መቁረጥ። ቁስሉ ላይ ቫዝሊን ቀባ ያድርጉና ፀጉሩን ከዳር ወደ ውጭ በመቀስ ይቁረጡ፤ የሚወድቀው ፀጉር ቫዝሊኑ ላይ ተጣብቆ ስለሚቀር በኋላ አብሮ ይጠረጋል። ምላጭ አይጠቀሙ።

አራተኛ፣ ማጠብ። ከሥራው ሁሉ ትልቁ ይህ ነው፤ ጊዜና ውሃ አይቆጠብበት። ቁስሉ ጭቃ የያዘ ከሆነ መጀመሪያ በብዙ ንጹሕ ውሃ ያውርዱለት፤ ከዚያ ሲሪንጁን በጨው ውሃ እየሞሉ ከጥቂት ሳንቲ ሜትር ርቀት ወደ ጎን አዘንብለው ግፊት ባለው ሁኔታ ይርጩት። ጣት ለምታህል ቁስል ግማሽ ሊትር ቢያልቅ አይብዛብዎ። የሚወርደው ውሃ እስኪጠራ ድረስ ይቀጥሉ። ጥጥ ቁስሉ ውስጥ ክሩን ስለሚተው ለማሸት አይሆንም፤ መጥረግ ካስፈለገ በራሰ ጎዝ፣ ከመሐል ወደ ዳር፣ አንዱን ጎዝ ለአንድ ጊዜ ብቻ ይጠቀሙ። ላይ ላዩን ያለ ጠጠር ወይም እሾህ ከወጣ ይወጣል፤ ጥልቅ የተሰካን ነገር ግን መንቀል ደም ሊያስከፍት ስለሚችል እንደተሰካ ለሐኪም ይተዉት።

አንድ የሐምሌ ጠዋት የእኛው ቦቢ በበረንዳው ሲሚንቶ ላይ በየእርምጃው የደም አሻራ እያተመ መጣ። የቀኝ የፊት መዳፉ ሥር ያለው ወፍራም ቆዳ ተተርትሮ ነበር። ጎረቤታችን የሆኑ እናት ሰምተው የተፈጨ ቡና በስኒ ይዘው መጡና «ልጄ፣ ይሄን ነስንሺበት፣ ወዲያው ቀጥ ይላል» አሉኝ፤ ለውሻችን አዝነው በቅንነት ያመጡት ነው። «እማማ፣ መጀመሪያ በውሃ ልጠበው፣ ከዚያ እናያለን» አልኳቸው። አራተኛውን ሲሪንጅ ስረጭ ከተተረተረው ቆዳ ሥር የሩዝ ፍሬ የምታህል የጠርሙስ ስባሪ ከውሃው ጋር ወጥታ ሲሚንቶው ላይ ወደቀች። ጭቃው ሳይወርድ ቡናው ተነስንሶበት ቢሆን ኖሮ ስባሪዋ እዚያው ትቀር፣ በእያንዳንዱ እርምጃም እየወጋችው ትገባ ነበር። እማማ ራሳቸው ስባሪዋን በመዳፋቸው ይዘው ካገላበጧት በኋላ ስኒውን መሬት አስቀመጡና ጭንቅላቱን ያዙልኝ።

አምስተኛ፣ ቀጠን ያለ አዮዲን። 10 በመቶ የሆነውን ፖቪዶን አዮዲን አንድ የሻይ ማንኪያ ወስደው በግማሽ ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ያቅጥኑት፤ መልኩ ቀጭን ሻይ ሲመስል ልክ ነው። በዚህ ቁስሉንና ዙሪያውን አርሰው በንጹሕ ጎዝ ዙሪያውን ያድርቁ። ያልቀጠነው ጀርም ብቻ ሳይሆን አዲስ የሚበቅለውን ሥጋም ይጎዳል። አረፋ የሚሠራው፣ ለእጅ መታጠቢያ የተዘጋጀው ዓይነት አዮዲን ቁስል ውስጥ አይገባም፤ ሲገዙ ጠርሙሱን ያንብቡ።

ቁስል ላይ የማይደረጉ ነገሮች

ከላይ የጠቀስኩት ቡና በአካባቢያችን በጣም የተለመደ በመሆኑ ምክንያቱን ማስረዳት ይገባል። ዱቄቱ ንጹሕ አይደለም፣ ከደም ጋር ተጋግሮ ቆሻሻውን ከሥሩ ይደፍናል፣ ሐኪሙም ሊያክመው ሲፈልግ እየፋቀ ማውጣት ይኖርበታል፤ ውሻው ሲልሰው ደግሞ በቡናው ውስጥ ያለው ካፌይን ውሻን የሚመርዝ ነገር ነው። አልኮልና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጤነኛውን ሥጋ ያቃጥላሉ። በረኪና፣ ዴቶል፣ ነጭ ጋዝ፣ ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይትና የባትሪ ውሃ በተለይ ትል ለመግደል እየተባሉ የሚፈሱ ቢሆንም፣ ሥጋውን አቃጥለው ቁስሉን ያሰፋሉ፣ ሲላሱም ሆድ ይጎዳሉ። የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤና ከጓሮ ተቀጥፎ የተጨመቀ ቅጠልም ይቅሩ።

ማርን በተመለከተ ግን ፍርዴ የተለየ ነው። ማር ጀርም እንዳይራባ የሚያደርግና ቁስልን የሚያጸዳ መሆኑ በሕክምናም የታወቀ ሲሆን፣ ለቁስል ተብሎ ከጀርም የጸዳ ማር በእንስሳት ሕክምና ውስጥ ጥቅም ላይ ይውላል። ከገበያ የምንገዛው ማር ግን ስኳር የተደባለቀበት ሊሆን ይችላል፣ ንጹሑም ቢሆን ከጀርም የጸዳ አይደለም፤ ካልተሸፈነም ውሻው ልሶ ይጨርሰዋል፣ ዝንብና ጉንዳንም ይጠራል። ስለዚህ ሐኪም ካላዘዘው በስተቀር አልመክርም።

የሰው የሕመም ማስታገሻ ለውሻ አይሰጥም። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የውሻን ጨጓራ ያቆስላሉ፣ ኩላሊቱንም ያበላሻሉ፤ ፓራሲታሞል ጉበት ይጎዳል፤ ድመት ላይ ደግሞ አንዲት ፍሬ እንኳ ልትገድል ትችላለች። ከቤት የተረፈ የሰው አንቲባዮቲክ መስጠት ወይም ካፕሱሉን ከፍቶ ዱቄቱን ቁስል ላይ መነስነስም ቁስሉን አይጠቅመውም፤ በኋላ በእውነት መድኃኒት ሲያስፈልግ እንዳይሠራም ያደርገዋል።

መሸፈን ወይስ ክፍት መተው?

ገላ ላይ ያለ ትንሽ ጭረት ታጥቦ ክፍት ቢተው በተሻለ ሁኔታ ይድናል። መዳፍና የታችኛው እግር ግን መሬት ስለሚነኩ ይሸፈናሉ፤ በተለይ ከሰኔ እስከ መስከረም፣ ግቢው ጭቃ በሚሆንበት ጊዜ ሳይሸፈን ንጹሕ ማቆየት አይቻልም ማለት ይቻላል። መጀመሪያ ቫዝሊን በስሱ የተቀባ ጎዝ ቁስሉ ላይ ያድርጉ፣ ስለማይጣበቅ ሲነሣ አያሳምመውም። ከላዩ ጥጥ ያልብሱት፣ በጣቶቹም መሐል ስስ ጥጥ ያስገቡ፤ ጣት ከጣት ጋር እየተፋተገ የሚልጠው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። ከዚያ ፋሻውን ከታች ወደ ላይ፣ እያንዳንዱ ዙር የቀደመውን ግማሽ እየሸፈነ ይጠቅልሉት። የመሐል ሁለቱ ጣቶች ጫፍ ይታይ፤ በፋሻውና በእግሩ መካከል ሁለት ጣት መግባት አለበት።

ጥብቀቱን በተመለከተ ከራሴ ጥፋት የተማርኩትን ልናገር። የቦቢን እግር በመጀመሪያው ቀን ሳስር እንዳይፈታ ሰግቼ አጠበቅኩት፤ ማታ ሳየው የጣቶቹ ጫፍ አብጦ፣ ተራርቆና ቀዝቅዞ አገኘሁት። ፈትቼ በላላ ሁኔታ ሳስረው በአንድ ሰዓት ውስጥ እብጠቱ ጎደለ፣ ሌሊቱን አድሮ ቢሆን ግን እግሩን ሊያሳጣው ይችል ነበር። ስለዚህ የታሰረን እግር ጠዋትና ማታ ሁለቱን ጣቶች በእጅ ይንኩ፤ የቀዘቀዘ፣ ያበጠ ወይም ውሻው አጥብቆ የሚነክሰው ከሆነ ወዲያው ይፍቱት። ፋሻው በመጀመሪያዎቹ ቀናት በየቀኑ፣ በራሰ ጊዜ ደግሞ ቀኑን ሳይጠብቁ ይለወጣል። ለሽንት ሲወጣ ፌስታል ያጥልቁለት፤ እንደተመለሰ ያውልቁት፣ ላብና እርጥበት ውስጡ ከታመቀ ሽፋኑ ከጭቃው የባሰ ጉዳት ያመጣልና።

መላስን መከልከል

«የውሻ ምላስ መድኃኒት ነው» የሚለው አባባል ብዙ ቁስል አበላሽቷል። ሻካራው ምላስ የሚያገግመውን ሥጋ ይገፈዋል፣ አፉ ውስጥ ያለው ባክቴሪያም ቁስሉ ውስጥ ይገባል። የአንገት ከለላ ገዝቶ ማጥለቅ ካልተቻለ፣ ቀለል ያለ ትንሽ የፕላስቲክ ባልዲ ሥሩን በአንገቱ ልክ ክብ አድርገው ይቁረጡና ጠርዙን በፕላስተር ወይም በጨርቅ ይልበጡት፤ በጭንቅላቱ ካጠለቁት በኋላ የባልዲው አፍ ከአፍንጫው ጫፍ ሁለት ሦስት ጣት ያህል አልፎ መታየት አለበት። በከለላው መብላትና መጠጣት መቻሉን አጠገቡ ቆመው ያረጋግጡ። ቁስሉ ደረቱ ወይም ጎኑ ላይ ከሆነ አሮጌ ካናቴራ የፊት እግሮቹን በእጅጌው አስገብቶ ማልበስ ይበቃል።

በየቀኑ የሚታይ

ክፍት የተተወን ቁስል በቀን ሁለት ጊዜ ይዩት፤ በጨው ውሃም ያጥቡት፤ የታሰረውን ደግሞ ፋሻው በሚለወጥበት ጊዜ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት መጠነኛ መቅላት፣ ጥቂት እብጠትና ጠራ ያለ ወይም ሮዝማ ፈሳሽ መታየቱ የመዳን ሂደት ነው። ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ቀን ባለው ጊዜ ቀይ፣ እርጥብና ጎርበጥ ጎርበጥ ያለ ሥጋ ከሥሩ መሙላት ይጀምራል፤ ይህን ሥጋ ቆሻሻ መስሏቸው የሚፍቁ አሉ፣ አይነካ። ቢጫ ወይም አረንጓዴ መግል፣ መጥፎ ሽታ፣ እየሰፋ የሚሄድ መቅላትና ሙቀት፣ ወይም በሁለተኛው ቀን ከመጀመሪያው የባሰ ማንከስ ካለ ግን ጉዳዩ ከቤት ወጥቷል። የውሻ ጤናማ ሙቀት ከ38.3 እስከ 39.2 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በመሆኑ በሰው ሚዛን ትኩሳት የሚመስለው ለእሱ ልኩ ነው፤ ውሻው አርፎ ሳለ ከ39.5 በላይ ከሆነና ምግብ እንቢ ካለ ወደ ሐኪም ይሂዱ።

ከብት በሚረባበት አካባቢ ዝንብ ትልቁ ጠላት ነው። የዝንብ እንቁላል በሙቀት ወቅት በአንድ ቀን ውስጥ ትል ሊሆን ስለሚችል፣ ቁስል ያለበት ውሻ ከበረትና ከፍግ ራቅ ብሎ፣ ቢቻል በር ባለው ክፍል ውስጥ ይዋል። በቁስሉ ዳር ባለው ፀጉር ላይ የሩዝ ስባሪ የመሰለ ነጭ ነገር ተጣብቆ ካዩ እንቁላሉ እሱ ነውና ፀጉሩን ቆርጠው ያስወግዱት። ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነው በእኛ ከፍታ ሌሊቱ ይበርዳልና መኝታው ደረቅ ይሁን፤ ጭድ ቁስል ላይ ስለሚጣበቅ ካርቶንና የታጠበ ጨርቅ ይሻላል።

ምግቡም ይታሰብበት። ቁስል የሚሞላው ከሚበላው ምግብ በሚገኝ ፕሮቲን ነው፤ ቤተሰቡ በሚጾምበት ጊዜ ውሻውም ከማዕድ በተረፈ እንጀራና ሽሮ ብቻ ይሰነብታልና፣ ቁስል ላይ ሳለ የተቀቀለ እንቁላል ወይም በደንብ የበሰለ ሳምባ ይጨመርለት። ጥሬ የሆድ ዕቃ ለሰው የሚተላለፍ የኮሶ ዓይነት ትል ስለሚያመጣ ሳይበስል አይሰጥ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የበዛበት ወጥ የውሻን ቀይ የደም ሴል ስለሚያፈርስ ትርፍራፊው ሁሉ ለእሱ አይሆንም።

ጥፍርና አንገት

የተሰበረ ጥፍር ብዙ ይደማል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ አደገኛ አይደለም። ንጹሕ የበቆሎ ዱቄት በጎዝ ላይ አድርገው ጫፉ ላይ 5 ደቂቃ ይጫኑ፤ ተንጠልጥሎ የቀረውን ጥፍር ግን ሥሩ ሕያው ስለሆነ ሐኪም ይቁረጠው። ዱቄት የሚሠራው ለጥፍር ጫፍ ብቻ መሆኑ አይረሳ።

የሰንሰለት ቁስል የሚያሳዝነኝ ከሁሉም በላይ ነው፤ በፀጉሩ ስለሚሸፈን የሚታወቀው ብዙ ጊዜ ሽታው ሲመጣ ነውና። ቀኑን ሙሉ የሚታሰር ውሻ ካለዎት በሳምንት አንድ ቀን ማሰሪያውን አውልቀው በአንገቱ ዙሪያ ፀጉሩን እየከፈቱ ይመልከቱ። ቆዳው ቀልቶ ወይም ተልጦ ከተገኘ፣ ሰንሰለቱም ሆነ ገመዱ ቁስሉ እስኪድን ድረስ ተመልሶ አይደረግ፤ አጥር ባለው ግቢ በር ዘግተው ይልቀቁት፣ ማሰር ግድ ከሆነ ደግሞ በደረቱና በብብቱ ዞሮ የሚታሰር ሰፊ የጨርቅ ማሰሪያ ይሁን። እጥበቱ ከላይ እንደተገለጸው ነው፤ አንገት ላይ ፋሻ አይታሰርም። ገመዱ ወይም ሽቦው ቆዳው ውስጥ ገብቶ ሥጋ ከለበሰው ግን ውሻውን ሳያደነዝዙ ማውጣት ስለማይቻል ሐኪም ያስፈልጋል። ቁስሉ ድኖ፣ ቅርፊቱ በራሱ ወድቆና ፀጉሩ መብቀል ጀምሮ ማሰሪያ ሲመልሱ፣ ሁለት ጣት በቀላሉ የሚያስገባ ሰፊና ለስላሳ ይሁን፤ ገና የሚያድግ ቡችላ ከሆነ አንገቱ ቶሎ ስለሚወፍር ልኩን በየሁለት ሳምንቱ እንደገና ይለኩት።